ዓሣም ይታመማል

ዓሣ ታመመ ሲባል የሰማ ሰው ብዙውን ጊዜ ይስቃል። ላም እንደምትታመም፥ በግ እንደሚታመም፥ ፈንግል የገባ ዕለት የመንደሩ ዶሮ ሁሉ እንደሚያልቅ ባላገሩም ከተሜውም ያውቀዋል። ዓሣን ግን በውኃ ውስጥ እስካለ ድረስ የሚነካው ነገር ያለ አይመስለውም። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ዓሣ ባክቴሪያ ይይዘዋል፥ ቫይረስ ይይዘዋል፥ ሻጋታ ቆዳውን ይበላዋል፥ ጥቃቅን ተባይ ስንጥቡ ላይ ተጣብቆ ትንፋሽ ይነሣዋል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ በሽታው የሚደርስበት ከዓይናችን ተሰውሮ ስለሆነ፥ ባለቤቱ አደጋውን የሚያውቀው ዓሣው ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ከተንሳፈፈ በኋላ ነው።

ስለ ዓሣ በሽታ በሰቆጣ ምን አስጨነቀህ የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። እውነት ነው፥ ዋግ የገደልና የድንጋይ፥ የማርና የፍየል አገር ተብሎ ይታወቅ ነበር እንጂ የዓሣ አገር ተብሎ አይታወቅም ነበር። ይህን የለወጠው የተከዜ ግድብ ነው። ግድቡ በ2002 ዓ.ም. ሲመረቅ 188 ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ በገደሉ መካከል ቆሞ፥ ከ9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውኃ የሚይዝ ሰው ሠራሽ ሐይቅ በዋግና በትግራይ መካከል ተዘረጋ። የተሠራው ለኤሌክትሪክ ነው፤ ነገር ግን ውኃ ባለበት ዓሣ አለና፥ በወንዙ የነበሩት ቆሮሶና አምባዛ፥ ነጭ ዓሣም ጭምር፥ በሐይቁ ውስጥ ተራቡ። የአበርገሌና የዝቋላ ወጣቶች በማኅበር ተደራጅተው መረብና ጀልባ ይዘው ወረዱ። የሰቆጣ ደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከልም፥ ከስሙ ጋር የማይሄድ ቢመስልም፥ ዓሣን ከሚያጠናቸው ነገሮች መካከል አስገባ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. የነበረው ጦርነት ብዙውን የአበርገሌ ሰው ከቀዬው አፈናቅሎ ወደ ሰቆጣ ሲያወጣው የዓሣውም ሥራ አብሮ ተናጋ። እንግዲህ ከዚያ በኋላ ኑሮውን እንደ ገና የሚጀምር ሰው የሚያወጣው እያንዳንዱ ብር ታስቦ መውጣት አለበት፤ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እርሱ ነው።

ይኸውም፥ ዓሣን ከሐይቅ ማጥመድ ብቻ ሳይሆን በኩሬና በመረብ ጎጆ፥ ኬጅ በሚባለው፥ ማርባት ይቻላል የሚለው ወሬ በቢሮውም በሻይ ቤቱም ይነሣል። ወሬው በተነሣ ቁጥር ደግሞ አንድ ሰው ከአንድ ወረቀት ላይ ያነበበውን ይጨምርበታል፤ ከባሕር አረም የተሠራ ዱቄት በመኖ ውስጥ ሲጨመር የዓሣን በሽታ የመከላከል ኃይል ያበረታል የሚል። ከአንባቢዎቼ መካከል በወረዳ ግብርና ቢሮ የሚሠሩ፥ ነገ የግዢ መጠየቂያ የሚሞሉት እነርሱ ናቸውና፥ ነገሩን ከሥሩ ብናየው መልካም ነው።

በመጀመሪያ፥ በሐይቁ ውስጥ በነፃ የሚዋኘው ዓሣ ይህ ነገር አያስፈልገውም። እርሱ የሚበላውን ራሱ ይፈልጋል፥ ሲጨናነቅም ይርቃል። ለእርሱ የሚያሰጋው ቀዳዳው የጠበበ፥ ጫጩቱን ከእናቱ ጋር የሚጠርግ መረብ ነው። ስለ በሽታ መከላከያ መኖ መናገር የሚያስፈልገው ዓሣውን በአንድ ቦታ ሰብስበን እኛ ልንመግበው ስንነሣ ነው። መሰብሰብ ደግሞ በሽታን ይወልዳል። በአንድ ክፍል 40 ተማሪ የነበረበት ትምህርት ቤት 90 ሲሆን ጉንፋኑ እንደ ምን እንደሚሮጥ መምህር ያውቀዋል።

የሩቁን ምሳሌ ላንሣ። በጋና አገር የአኮሶምቦ ግድብ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1965 ተሠርቶ የቮልታ ሐይቅ የሚባለውን ታላቅ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ፈጠረ። እንደ ተከዜ ለኤሌክትሪክ የተሠራ ነው። በኋላ ሰዎች በሐይቁ ላይ የመረብ ጎጆ እየዘረጉ ቆሮሶ ማርባት ጀመሩ፥ ሥራውም አድጎ ብዙ ቤተ ሰብ የሚኖርበት ሆነ። በ2018 መጨረሻ ላይ ግን የዓሣን ጣፊያና ኩላሊት የሚያበሰብስ ቫይረስ ገባና በጎጆዎቹ ውስጥ የነበረው ዓሣ በብዛት አለቀ። ከዚያ በፊትም ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ እየመጣ ያሠቃያቸው ነበር። ይህን ያነሣሁት ሰው ለማስፈራራት አይደለም። ግድብ፥ ሐይቅ፥ ቆሮሶ፥ ጎጆ፤ በዋግ የሚታሰበው ሁሉ እዚያ ተሠርቶ ታይቷልና ከእነርሱ መማር ከራስ ኪሳራ ከመማር ይረክሳል ብዬ ነው። ዓሣው ይሞታል፥ ማኅበሩ የተበደረው ገንዘብ ግን አይሞትም።

እንግዲህ ዓሣ በሽታን የሚመክተው በምንድን ነው? የመጀመሪያው አጥሩ በቅርፊቱ ላይ የሚዳሰሰው ዝልግልግ ነገር ነው። ዓሣ በእጅ ይዞ የሚያውቅ ሁሉ ያንሸራተተው እርሱ ነው። በዚህ ዝልግልግ ውስጥ ሊሶዛይም የሚባል የባክቴሪያን ግድግዳ የሚበጥስ ነገር አለ፤ በእኛም እንባና ምራቅ ውስጥ ይገኛል። ዓሣን በሻካራ መረብ የሚያሽ ወይም በደረቅ እጅ የሚያገላብጥ ሰው ይህን አጥር እያፈረሰ መሆኑን ይወቅ። አጥሩን ያለፈ ተባይ ቢኖር በደሙ ውስጥ የሚዞሩ፥ የመጣውን ባዕድ ነገር የሚውጡ ሕዋሳት ይቀበሉታል። እኛ የደም ሕዋሳችን የሚሠራው በአጥንታችን መቅኔ ነው፤ ዓሣ ግን እንዲህ ያለ መቅኔ ስለሌለው ይህን ሥራ የሚሠራለት የኩላሊቱ የፊተኛው ክፍልና ጣፊያው ነው። የቮልታው ቫይረስ ጣፊያና ኩላሊትን መምታቱ ስለምን እንደዚያ እንደ ከፋ ከዚህ ይገባናል፤ የጠላት እጅ ያረፈው በዘበኞቹ ሰፈር ላይ ነው።

ዓሣ እንደኛው አንድ ጊዜ ያየውን ጠላት ለይቶ የሚያስታውስ፥ በክትባት የሚሠለጥን ሁለተኛ ጦርም አለው። ነገር ግን ይህ ጦር ለመነሣት ጊዜ ይፈጅበታል፥ ውኃው ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይብሱን ይዘገያል። ስለዚህ የዓሣ ኑሮ ይልቁንም በፊተኞቹ፥ ማንንም ሳይለዩ በሚነሡት ዘበኞች ላይ የተመሠረተ ነው። የባሕር አረም ነገር የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

የባሕር አረም የምንለው በባሕር ዳር ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚያድግ ዋቅላሚ ነው፤ ቡናማ፥ ቀይና አረንጓዴ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። ሣር ይምሰል እንጂ ሥር የለውም፥ አበባም የለውም። የሰውነቱ ግድግዳ የተሠራው በየብስ ተክል ውስጥ ከማናገኛቸው ረዣዥም የስኳር ሰንሰለቶች ነው። በቡናማው ውስጥ ላሚናሪን፥ አልጂኔትና ፉኮይዳን፥ በቀዩ ውስጥ ካራጂናን፥ በአረንጓዴው ውስጥ ኡልቫን የሚባሉ ይገኛሉ። (ካራጂናንን ብዙዎቻችን ሳናውቀው በልተነዋል፤ አይስክሬም የሚያወፍሩበት ነው።) ከእነዚህ ውስጥ ላሚናሪን ቤታ ግሉካን ከሚባለው ወገን ነው። በዓሣው ሰውነት ያሉት ዘበኛ ሕዋሳት ደግሞ ቤታ ግሉካንን በሌላ ምክንያት ያውቁታል፤ የሻጋታ ግድግዳ የሚሠራው ከዚሁ ወገን ነውና። ስለዚህ ዓሣው ይህን ስኳር ከመኖው ጋር ሲውጥ ዘበኞቹ ሻጋታ የመጣ መስሏቸው ይነሣሉ። ይበዛሉ፥ የሚውጡበትም ኃይል ይጨምራል፥ ሊሶዛይሙም ከፍ ይላል። ጠላት የለም፥ ጦሩ ግን ነቅቷል። እውነተኛው ባክቴሪያ በዚህ መካከል ቢደርስ ተኝተው አያገኛቸውም።

ሐሳቡ ውብ ነው፤ ሙከራም ተደርጎበታል። ሙከራው የሚደረገው እንዲህ ነው። ዓሣዎቹን በገንዳ ከፍሎ አንዱን ወገን ያለ ዱቄቱ፥ ሌላውን ከዱቄቱ ጋር ለጥቂት ሳምንታት መመገብ፥ ከዚያ ለሁሉም ባክቴሪያ በመርፌ መስጠትና የተረፈውን መቁጠር። ቆሮሶን ጨምሮ በብዙ ዓይነት ዓሣ ላይ ዱቄቱን የበላው ወገን የተሻለ ተርፏል። እኔ ግን አንባቢዬ ሦስት ነገር እንዲያስተውል እፈልጋለሁ። የገንዳው ውኃ የተጣራ፥ ሙቀቱ የተለካ፥ መኖውም የተሟላ ነው፤ የእኛ ኩሬ ይህን አይመስልም። ደግሞም መጠኑ ወሳኝ ነው። ጥቂቱ ሲጠቅም ብዙው ብዙውን ጊዜ ዕድገቱን ይጎትተዋል፥ ዘበኛንም ዓመቱን በሙሉ ያለ ዕረፍት በደወል ማስነሣት ያደክመዋል። ሦስተኛው ከንግድ ጋር የተያያዘ ነው። የባሕር አረም እንደ ወቅቱና እንደ ባሕሩ ይለያያል፥ ከውኃው ውስጥ አርሴኒክና ሌላም ከባድ ብረት የሚሰበስብ አለ፤ ስለዚህ "ከባሕር አረም የተሠራ" የሚል ጽሕፈት በከረጢቱ ላይ መኖሩ ብቻውን ስለ ውስጡ ብዙ አይነግረንም።

ስለ ሥልጡኖቹ አገሮችም እንዳንሳሳት። በኖርዌይ ሳልሞን የሚያረቡ ሰዎች በ1987 ለዓሣቸው 50 ቶን ያህል ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ያፈሱ ነበር። ዛሬ ምርታቸው ከዚያ ዘመን እጅግ በዝቶ ሳለ መድኃኒቱ ከአንድ ቶን በታች ወርዷል። ይህን ያደረገው በዋነኛነት ክትባት ነው፥ ከእርሱም ጋር በአንድ ቦታ አንድ ዕድሜ ያለውን ዓሣ ብቻ እያረቡ ቦታውን በየጊዜው ማሳረፍ። ማነቃቂያ መኖ ከዚህ ሁሉ በኋላ የመጣ ረዳት ነው። ረዳቱን አስቀድሞ ዋናውን ወደ ኋላ ማድረግ የሻጭ እንጂ የአርቢ ሥራ አይደለም።

ወደ አገራችን እንመለስ። ኢትዮጵያ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ዳርቻ የላትም፥ ስለዚህ የባሕር አረም ለእኛ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነገር ነው። ከእኛ ብዙ የማይርቁት አርቢዎች የዛንዚባር ሰዎች ናቸው፤ ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ይልቁንም ሴቶቹ ውኃው ሲሸሽ እየገቡ በገመድ ላይ ያሳድጉታል። መልካም ሥራ ነው፥ ነገር ግን ከዛንዚባር እስከ ሰቆጣ መንገዱን አስቡት።

የሚያስደስተው ነገር ይኸውላችሁ። ቆሮሶ ራሱ ዋቅላሚ በል ዓሣ ነው። የእንስሳት ተመራማሪዎች በኡጋንዳው የጆርጅ ሐይቅ ባደረጉት ጥናት የቆሮሶ ጨጓራ እስከ 1.4 ፒኤች የሚደርስ ኃይለኛ አሲድ እንዳለው አይተዋል፤ በዚያ አሲድ ሌላ ዓሣ የማይፈጨውን የዋቅላሚ ግድግዳ ይሰብራል። ስለዚህ በመጠኑ የተቀመጠ ፍግ ገብቶበት ውኃው አረንጓዴ የሆነ ኩሬ ለቆሮሶ ገበታ ነው። የባሕር ባይሆንም የአገር ዋቅላሚ ይበላል ማለት ነው። ይህም በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በቢሾፍቱ አጠገብ ያለው አረንጓዴ ሐይቅ ስሙን ያገኘው ስፒሩሊና ከሚባለው ዋቅላሚ ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ያለው የጪቱ ሐይቅም እንዲሁ ነው፥ ፍላሚንጎዎቹም የሚሰበሰቡበት እርሱን ለመብላት ነው። ስፒሩሊና በዓሣ መኖ ውስጥ ተጨምሮ ተሞክሯል፥ ዘበኞቹንም እንደሚያነቃ ታይቷል። በሶዳ ውኃ የሚበቅል ስለሆነ በተከዜ አይገኝም፤ ነገር ግን አገር ውስጥ ማሳደግ የሚቻል ነገር ነው።

ሁለተኛው ከዚህም ይቀርባል፥ በየቤታችን ጓዳ ነው። ቤታ ግሉካን በእርሾ ግድግዳ ውስጥም አለ። በዓለም ላይ ለዓሣ መኖ የሚሸጠው ቤታ ግሉካን አብዛኛው ከዳቦና ከቢራ እርሾ የሚወጣ ነው። እንግዲህ ጠላ የሚያፈላው ምንድን ነው? እርሾ ነው። ጠላው ተጠልቶ ሲያልቅ በጋኑ ሥር የሚቀረው አተላ የገብስና የጌሾ ገለባ ብቻ ሳይሆን የእርሾውም መቀመጫ ነው። እናቶቻችን ለከብትና ለአህያ ሲሰጡት የኖሩት ያለ ምክንያት አይደለም። አተላ የተጣራውን ቤታ ግሉካን ይተካል አልልም፤ እርሾው ምን ያህል እንደ ሆነ አይለካም፥ ጌሾውም መራራ ነው፥ በብዛት ኩሬ ውስጥ የተደፋ እንደሆነ በስብሶ የውኃውን ኦክሲጅን ይጨርሳል። ደርቆና ተፈጭቶ ከስንዴ ፉርሽካና ከኑግ ፋጉሎ ጋር በጥቂቱ ተቀላቅሎ ቢሞከር ግን በምንዛሪ ከሚገዛ ከረጢት ይልቅ መጀመሪያ ሊሞከር የሚገባው እርሱ ነው። የጾም ቀን ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቼ፥ በአተላ ያደገ ዓሣ በጾም ቢበላ የሚለውን አዲስ ክርክር ግን እንዳላስነሣ እፈራለሁ።

ይህን ሁሉ ብናደርግ እንኳ በዋግ ደጋ ኩሬ ለሚቆፍር ሰው ከዱቄቱ የሚቀድም ነገር አለ። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ያህል ላይ ናት፥ የተከዜ ሐይቅ ደግሞ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በመካከሉ ያለው ቁልቁለት ለእግረኛው ጉልበት ነው፥ ለዓሣው ግን የሕይወትና የሞት ነገር ነው። ቆሮሶ የሚወደው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ የሚደርስ ውኃ ነው። ከ20 ሲወርድ የምግብ ፍላጎቱ ይቀንሳል፥ ወደ 16 ሲጠጋ መብላት ይተዋል። ያልበላ ዓሣ ደግሞ በመኖ ውስጥ የተጨመረውን መድኃኒት እንደ ምን ያገኘዋል? ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ብርድ በደጋ ኩሬ ያለ ቆሮሶ ዘበኞቹ ደንዝዘው፥ ሆዱም ባዶ ሆኖ ያድራል፤ በላዩ ላይ ሻጋታ የሚወጣበትም ያን ጊዜ ነው። በቆላው ያለ ግን ይህ ችግር ይቀልለታል። ኩሬው የት ይቆፈር የሚለው ጥያቄ ምን ይመገብ ከሚለው ይቀድማል የምለው ስለዚህ ነው።

ሌላም አለ። ጠዋት ማልዶ ወደ ኩሬው የሄደ ሰው ዓሣዎቹ አፋቸውን ከውኃ በላይ አውጥተው ሲያዛጉ ቢያገኛቸው በሽታ ገባ ብሎ መድኃኒት ፍለጋ አይሩጥ። ውኃውን አረንጓዴ ያደረገው ዋቅላሚ ቀን በፀሐይ ኦክሲጅን ይሰጣል፥ ሌሊት ግን እርሱም እንደ ዓሣው ይተነፍሳልና ኦክሲጅኑን ይጋራዋል፤ ሊነጋ ሲል ውኃው ባዶ ይሆናል። መፍትሔው አዲስ ውኃ መልቀቅ፥ ፍጉንም መኖውንም ለጥቂት ቀን ማቆም ነው። በየሌሊቱ እንዲህ የሚታፈን ዓሣ ምንም ዓይነት ዱቄት ቢበላ ዘበኛው አይቆምለትም።

ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ዱቄቱን መሞከር የሚፈልግ ማኅበር ወይም የትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ቢኖር እኔም ደስ ይለኛል፤ ሒሳቡም ከባድ አይደለም። 1,000 ቆሮሶ በ500 ካሬ ሜትር ኩሬ ውስጥ እናርባ እንበል። እያንዳንዱ 250 ግራም እስኪሆን 250 ኪሎ ዓሣ ይሆናል፥ ለዚህም 400 ኪሎ ያህል መኖ ይፈጃል። ዱቄቱ ከመኖው 2 በመቶ ቢሆን 8 ኪሎ ነው። እነዚያ 8 ኪሎ የሚያወጡትን ገንዘብ በአንድ ወገን፥ በዱቄቱ የተረፈውን ዓሣ ዋጋ በሌላ ወገን ማስቀመጥ ነው። የተረፈው እንዲታወቅ ግን ዱቄቱን ያልበላ ሌላ ኩሬ አጠገቡ መኖር አለበት፤ ጫጩቱ ከአንድ ቦታ፥ ውኃው ከአንድ ምንጭ፥ መኖውም አንድ ዓይነት ሆኖ። በየቀኑ የሞተውን መቁጠር፥ በየሁለት ሳምንቱ ጥቂቱን አውጥቶ መመዘንና በደብተር መጻፍ። አንድ ኩሬ ብቻ ይዞ "ዱቄቱ ሠራ" የሚል ሪፖርት ለመሥሪያ ቤቱ የሚጽፍ ሰው ዝናቡም ሊሆን እንደሚችል አይርሳ።

ጊዜውንም መምረጥ ያስፈልጋል። ማነቃቂያ መኖ ጥቅሙ የሚታየው ችግሩ ከመድረሱ ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ ሲሰጥ ነው፤ የታመመ ዓሣ መብላት ስለሚተው ከዚያ በኋላ መስጠት ውኃ ማበላሸት ብቻ ነው። ለዋግ ደግሞ ሁለቱ ክፉ ጊዜያት አስቀድመው የታወቁ ናቸው። አንደኛው የደጋው ብርድ ነው፤ ስለዚህ በጥቅምት፥ ውኃው ሳይቀዘቅዝና ዓሣው መብላት ሳይተው ይጀመር። ሁለተኛው ጫጩቱ ከሰበታ ወይም ከባሕር ዳር በበርሜል ተጭኖ ያን ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ሲመጣ ነው፤ እየተናጠ፥ ውኃው እየሞቀ፥ ዝልግልጉ እየተላጠ ይደርሳል። ይህን የሚያስብ ማኅበር ጫጩቱን ከሚልክለት ማዕከል ጋር አስቀድሞ ተነጋግሮ ማነቃቂያው እዚያው፥ ከመጫኑ ሁለት ሳምንት በፊት እንዲጀመር ቢያደርግ፥ ሰቆጣ ከደረሰ በኋላ ከሚሰጠው ይልቅ ይጠቅመዋል። ሲደርስም በርሜሉን ወዲያው ወደ ኩሬው አይገልብጠው፤ የኩሬውን ውኃ በጥቂት በጥቂቱ ወደ በርሜሉ እየጨመረ ሙቀቱ እስኪተካከል ግማሽ ሰዓት ያህል ይታገሥ።